የብሎክቼይን ኔትወርክን በኤአይ ረዳት መከታተል፦ ከባሕር ዳር ሆኖ፣ ደረጃ በደረጃ

ብዙ ሰው የሚወድቀው አንድ ቦታ ላይ ነው። ቻቱን ይከፍትና ስለ አንዱ የብሎክቼይን ኔትወርክ «ኢቴሪየም አሁን እንዴት ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ረዳቱ ዝም አይልም። የብሎክ (የትራንዛክሽኖች ጥቅል) ቁጥር ይሰጣል፣ የጋዝ (የመላኪያ ክፍያ) ዋጋ ይሰጣል፣ «ኔትወርኩ በጥሩ ሁኔታ ላይ ነው» ብሎ ይጨርሳል። ሰውየው ቁጥሩን ኤክስፕሎረር (ሰንሰለቱን የሚያሳይ ድረ ገጽ) ላይ ሲፈልገው ወይ የለም፣ ወይ የወራት ዕድሜ አለው። ሌላው ደግሞ «ችግር ሲኖር ንገረኝ» ይለውና ቻቱን ዘግቶ ይተኛል። ማንም አይነግረውም።

ረዳቱ በራሱ ሰንሰለቱን፣ ማለትም ብሎክቼይኑን፣ አያይም። የሚያየው እናንተ ያገናኛችሁለትን ወይም የለጠፋችሁለትን ዳታ ነው። ስለዚህ ሥራችሁ ትክክለኛ ዳታ ማቅረብና መልሱን ማጣራት ነው። ሌሊት መጠበቁንና ማንቃቱን ለአጭር ስክሪፕት እንሰጠዋለን። ይሄ ክፍፍል ከገባችሁ የቀረው በእጅ የሚሠራ ነገር ነው።

መመሪያው የተጻፈው ከባሕር ዳር ሆነው ለውጭ ደንበኛ ስማርት ኮንትራት (ሰንሰለቱ ላይ የሚሠራ ፕሮግራም) ለሚጽፉ፣ ፖሊ ግቢ የመመረቂያ ፕሮጀክታቸውን ቴስትኔት (የመሞከሪያ ኔትወርክ) ላይ ለሚያሠሩና የሰው ኖድ (የኔትወርኩ አንድ ኮምፒውተር) እንዲጠብቁ ኃላፊነት ለወሰዱ ነው። ስለ መግዛትና መሸጥ እዚህ ምንም የለም። ብሔራዊ ባንክ በ2014 ዓ.ም. ክሪፕቶን ለክፍያ መጠቀም ሕጋዊ እንዳልሆነ ማስጠንቀቁን አስታውሱ። እኛ የምናደርገው ለሁሉም ክፍት የሆነ መዝገብ ማንበብ ብቻ ነው።

ከሁሉም በፊት፦ ምን እንደማይሰጥ

የዋሌት ሲድ ፍሬዝ፣ ማለትም ዋሌቱን የሚከፍቱት 12 ወይም 24 ቃላት፣ ወደ ቻት አይገባም። ፕራይቬት ኪ፣ ማለትም ሚስጥራዊ ቁልፉም፣ እንደዚያው። ለመከታተል የሕዝብ አድራሻው ብቻ ይበቃል። የትኛውም መሣሪያ «ለክትትል ሲድ ፍሬዝህን አስገባ» ካለ ሌብነት ነው፤ ወዲያው ዝጉት።

ቀድማችሁ አስገብታችሁ ከሆነ ቻቱን ማጥፋት አያድናችሁም። አዲስ ዋሌት ክፈቱ፣ ያለውን ሁሉ ዛሬውኑ ወደዚያ አዛውሩ፣ የድሮውን ተዉት።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

1. ላፕቶፕ። መካከለኛ ይበቃል።

2. መሣሪያ ማገናኘት የሚችል ኤአይ ረዳት። ዛሬ ይህ የሚቻለው በአብዛኛው ሞዴል ኮንቴክስት ፕሮቶኮል በሚባለው፣ በአጭሩ ኤምሲፒ፣ ነው። አንትሮፒክ የተባለው የኤአይ ኩባንያ በኅዳር 2024 እ.ኤ.አ. ያወጣው ክፍት አሠራር ነው፤ አሁን ሌሎችም ይጠቀሙበታል። ረዳታችሁ ይህን ባይችልም አትጨነቁ፤ ደረጃ 3 ላይ ሌላ መንገድ አለ።

3. ሁለት የአርፒሲ አድራሻ ከሁለት የተለያዩ አቅራቢዎች። አርፒሲ ማለት ሰንሰለቱን የምትጠይቁበት በር ነው። አልኬሚና ኢንፉራ ነጻ እርከን አላቸው። ከአንድ ቦታ ሁለት ቁልፍ ማውጣት እንደ ሁለት አይቆጠርም፤ አቅራቢው ሲወድቅ ሁለቱም አብረው ይወድቃሉ።

4. ኤክስፕሎረር። ለኢቴሪየም ኢተርስካን፣ ለትሮን ትሮንስካን፣ ለቢትኮይን ሜምፑል ዶት ስፔስ። እውነቱን የምታመሳክሩት እዚህ ነው።

5. የቴሌግራም ቦት። ቦትፋዘርን (የቴሌግራምን የቦት መፍጠሪያ) ከፍታችሁ አዲስ ቦት ፍጠሩ፣ የሚሰጣችሁን ቶክን (የቦቱን ቁልፍ) በጥንቃቄ አስቀምጡ።

6. ትንሽ የኪራይ ሰርቨር፣ ማለትም ቪፒኤስ። ለምን ቤት ያለው ላፕቶፕ እንደማይሆን ደረጃ 6 ላይ ታዩታላችሁ።

«የራሴን ኖድ ባቆምስ?» የሚል አይጠፋም። ለኢቴሪየም ወደ 2 ቴራባይት ኤስኤስዲና የማይቋረጥ መብራት ይፈልጋል። ቢትኮይን ቆርጦ የማስቀመጥ አማራጭ አለው፤ ዲስኩ ላይ የሚቀረውን የብሎክ ዳታ እስከ 550 ሜጋባይት ዝቅ ማድረግ ይቻላል። ግን መጀመሪያ ከ600 ጊጋባይት በላይ ማውረዱ አይቀርለትም። በሞባይል ዳታ ይሄን መሞከር ገንዘብ ማቃጠል ነው። ለጀማሪ የሰው አርፒሲ ይበቃዋል።

ደረጃ 1፦ የምትጠብቁትን ወረቀት ላይ ጻፉ

ይህን ደረጃ የሚዘሉ ሰዎች በሁለተኛው ሳምንት ማንቂያውን ራሳቸው ያጠፉታል፤ ስልካቸው ሌሊቱን ሙሉ ሲጮህ ያድራላ። ለእያንዳንዱ የምትጠብቁት ነገር አራት ነገር ጻፉ፦ የትኛው ኔትወርክ፣ ምን ይለካል፣ ከስንት ሲያልፍ ችግር ይባላል፣ ማን ይነቃል።

ለጀማሪ አምስት ነገር በቂ ነው፦ የመጨረሻው ብሎክ ዕድሜ፣ ሁለቱ አርፒሲዎች መስማማታቸው፣ የጋዝ ከፋዩ ዋሌት ቀሪ ሂሳብ፣ የኮንትራቱ ዋና ዋና ክስተቶች፣ እና ተልኮ ያልተረጋገጠ ትራንዛክሽን።

ገደቡን ከስሜት አታውጡት። ኢቴሪየም ላይ የብሎክ ተራ በየ12 ሰከንዱ ነው። አንድ ተራ ሲዘለል ክፍተቱ 24 ይሆናል፤ ይሄ የተለመደ ነው። 3 ደቂቃ ሙሉ አዲስ ብሎክ ካላያችሁ ግን አንድ ነገር አለ፤ አብዛኛውን ጊዜ የተበላሸው አርፒሲው ነው።

ቢትኮይን ሌላ ነው። «በአማካይ 10 ደቂቃ» ሲባል ሰው በየ10 ደቂቃው የሚመጣ ይመስለዋል። ብሎክ የሚገኘው በዕድል ስለሆነ ክፍተቱ በጣም ይለያያል። ስሌቱ ሲሠራ ከ30 ደቂቃ የሚበልጥ ክፍተት በቀን 7 ጊዜ ገደማ ይጠበቃል። ከ1 ሰዓት የሚበልጠው ደግሞ በየ3 ቀኑ ገደማ ይመጣል። ስለዚህ 30 ደቂቃ ላይ ማንቂያ ካደረጋችሁ በቀን 7 ጊዜ በከንቱ ትደነግጣላችሁ። 90 ደቂቃ አድርጉት፤ ይሄ ክፍተት በሁለት ወር አንዴ ያህል ነው የሚያጋጥመው።

ደረጃ 2፦ የዳታ ምንጩን ፈትኑ

ረዳቱን ከመንካታችሁ በፊት ምንጩ ትክክል መሆኑን አረጋግጡ።

1. አርፒሲውን ቼይን አይዲ (የኔትወርኩን መለያ ቁጥር) ጠይቁት። የኢቴሪየም ዋናው ኔትወርክ 1፣ ሴፖሊያ ቴስትኔት 11155111፣ ቢኤንቢ ቼይን 56፣ ፖሊጎን 137 ነው። ቴስትኔትን ዋናው ነው ብሎ ሲጠብቅ የሚከርም ሰው ብዙ ነው። ይሄ ጥያቄ በአንድ ሰከንድ ይገላግላችኋል።

2. የመጨረሻውን ብሎክ ቁጥር ከሁለቱም አርፒሲ ውሰዱ፣ ከኤክስፕሎረሩም ጋር አነጻጽሩ። ኢቴሪየም ላይ የሁለት ሦስት ብሎክ ልዩነት ምንም አይደለም። ሃያ ከሆነ ወደ ኋላ የቀረውን አቅራቢ ለውጡት።

3. መልሱ የሚመጣው በዜሮ ኤክስ የሚጀምር የሄክሳዴሲማል ቁጥር ሆኖ ነው። ወደ ተለመደው ቁጥር በስክሪፕት ቀይሩት። ረዳቱ በራሱ እንዲቀይር አትተዉት፤ ረጅም ቁጥር ላይ ይሳሳታል፣ ሲሳሳት ደግሞ በሙሉ ልብ ነው።

ከተበላሸ፦ «ያልተፈቀደ» የሚል መልስ ከመጣ ቁልፉ በትክክል አልተገለበጠም፤ አብዛኛውን ጊዜ መጨረሻው ላይ ክፍት ቦታ ተጨምሮ ነው። 429 የሚል ቁጥር ከመጣ ቶሎ ቶሎ ጠይቃችኋል ማለት ነው፤ ልዩነቱን አስፉ። ምንም መልስ ሳይመጣ ተንጠልጥሎ ከቀረ መጀመሪያ የራሳችሁን ኢንተርኔት እዩ።

ደረጃ 3፦ ረዳቱን ከዳታው ጋር አገናኙ

ሁለት መንገድ አለ።

መንገድ ሀ፣ በኤምሲፒ። ኮምፒውተራችሁ ላይ አንድ ትንሽ ፕሮግራም ይጫናል፤ ረዳቱ በሱ በኩል አርፒሲውን ይጠይቃል።

1. ፕሮግራሙ የሚሠራበትን ፓይተን ወይም ኖድ ጄኤስ ጫኑ። ዋይፋይ ያለበት ቦታ አድርጉት።

2. የኤምሲፒውን ሰርቨር ስትመርጡ የሚሰጣቸውን ተግባሮች ዝርዝር አንብቡ። «ላክ»፣ «ፈርም»፣ «አጽድቅ» የሚል ተግባር ካለው አትጫኑት። እኛ የምንፈልገው የሚያነብ ብቻ ነው። የማታውቁት ሰው የጻፈው ከሆነ ኮዱን ሳታዩ አታስገቡት።

3. የአርፒሲ ቁልፉን በረዳቱ የማስተካከያ ፋይል ውስጥ በተመደበለት ቦታ አስገቡ። ቻቱ ላይ አትለጥፉ።

4. መተግበሪያውን ሙሉ በሙሉ ዘግታችሁ ክፈቱ። መስኮቱን መዝጋት አይበቃም፤ ከታች ካለው አሞሌም ማስወጣት ያስፈልጋል። ግማሹ «አልሠራ አለኝ» የሚለው ሰው ችግሩ ይሄው ነው።

5. አሁን «የትኞቹ መሣሪያዎች አሉህ?» ብላችሁ ጠይቁ። የጫናችሁትን ካልጠራ አልተገናኘም።

ከተበላሸ፦ የማስተካከያ ፋይሉ ጄሶን በሚባለው አጻጻፍ የተጻፈ ነው፤ አንድ ኮማ ከጎደለ ወይም መጨረሻ ላይ አንድ ከተረፈ ጨርሶ አይነበብም። ዊንዶውስ ላይ ደግሞ የፋይል አድራሻ ውስጥ ያለው ወደ ኋላ የተጋደመ ጭረት ሁለት ሁለት ሆኖ መጻፍ አለበት። ሁለቱንም አይታችሁ ካልሆነ የፕሮግራሙን ሙሉ አድራሻ ጻፉ፤ ስሙን ብቻ ስትሰጡት አንዳንዴ አያገኘውም።

መንገድ ለ፣ በመለጠፍ። አጭር ስክሪፕት ዳታውን ሰብስቦ በንጹሕ ጽሑፍ ያወጣል፤ እናንተ ገልብጣችሁ ቻቱ ላይ ትለጥፉታላችሁ። ነጻው የረዳት ዓይነት ላይ ይሠራል፣ ስልክ ላይም ይሠራል፣ ዳታ አይበላም። ኔትወርክ በሚቆራረጥበት ቀን እኔ የምመርጠው ይሄን ነው፤ ረዳቱ ምን እንዳየና ምን እንዳላየ በዓይናችሁ ታውቃላችሁና።

ማስጠንቀቂያ፦ ሰንሰለቱ ላይ ማንም የፈለገውን ጽሑፍ መጻፍ ይችላል። ሳትጠይቁ ወደ ዋሌታችሁ የሚላኩ ቶከኖች ስማቸው ውስጥ «ሽልማትህን ለመውሰድ ይህን ድረ ገጽ ጎብኝ» የሚል ይኖርባቸዋል። ረዳቱም ያንን ሲያነብ እንደ ትዕዛዝ ሊወስደው ወይም ለእናንተ እንደ ምክር ሊያቀርበው ይችላል። ከሰንሰለቱ የመጣ ጽሑፍ ሁሉ ዳታ እንጂ ትዕዛዝ እንዳልሆነ መጀመሪያውኑ ንገሩት። ዋናው መከላከያ ግን ረዳቱ እጅ ላይ መላክ የሚችል መሣሪያ አለመኖሩ ነው።

ደረጃ 4፦ ጥያቄውን በሥርዓቱ ጠይቁ

«እንዴት ነው?» ብሎ መጠየቅ ቀረ። ጥያቄው ኔትወርኩን፣ አድራሻውን፣ የጊዜ ገደቡንና መልሱ እንዴት እንዲቀርብ እንደምትፈልጉ መያዝ አለበት። ይህን ገልብጣችሁ ተጠቀሙ፦

«የተሰጠህን መሣሪያ ብቻ ተጠቀም። ኔትወርኩ ሴፖሊያ ነው፣ ቼይን አይዲ 11155111። መጀመሪያ ቼይን አይዲውን አረጋግጥ። ከዚያ የመጨረሻውን ብሎክ ቁጥርና ሰዓቱን በዩቲሲ ስጠኝ። የዚህን አድራሻ ቀሪ ሂሳብ ስጠኝ። መሣሪያው የመለሰውን ጥሬ መልስ ከላይ አስቀምጥ፣ ማብራሪያህን ከታች። መሣሪያው ካልመለሰ አላገኘሁም በል፤ አትገምት። አድራሻና ሃሽ አታሳጥር።»

ሃሽ የምንለው የትራንዛክሽኑን መለያ ነው። በአማርኛ መጠየቅ ይቻላል፣ መልሱንም ደህና አድርጎ ይሰጣል። ሁለት ነገር ብቻ ልብ በሉ። የግዕዝ ፊደል በረዳቶቹ አቆጣጠር ብዙ ቦታ ስለሚይዝ ነጻው ኮታ ቶሎ ያልቃል። የሙያ ቃሉን ደግሞ አትቀያይሩ፤ አንዴ «ግብይት»፣ አንዴ «ዝውውር»፣ አንዴ «ትራንዛክሽን» ካላችሁት ሦስት የተለያየ ነገር ሊመስለው ይችላል። አንዱን ያዙ።

ሰዓት ላይ ተጠንቀቁ

እዚህ ላይ ቆም እንበል፤ የኛ ሰው ከሁሉ በላይ የሚሳሳተው በዚህ ነው። ሰንሰለቱ ሰዓቱን በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ የሰዓት መለኪያ) ነው የሚይዘው። እኛ ከዩቲሲ 3 ሰዓት እንቀድማለን፣ በዚያ ላይ አቆጣጠራችን በ6 ሰዓት ይለያል። «ትናንት ማታ 3 ሰዓት ላይ ምን ሆነ?» ብትሉት ረዳቱ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ያለውን ሊያመጣላችሁ ይችላል። ዳታው እውነተኛ ነው፣ ሰዓቱ ግን የእናንተ አይደለም።

ቀመሩ ቀላል ነው። የቀን ሰዓት ከሆነ 3 ደምሩ፤ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ማለት 7፡00 ዩቲሲ ነው። የማታና የሌሊት ከሆነ 15 ደምሩ፤ ማታ 3 ሰዓት ማለት 18፡00 ዩቲሲ ነው። 12 ሰዓትን እንደ 0 ቁጠሩት። ድምሩ 24 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ 24 ቀንሱ። የዩቲሲ ቀን የሚቀየረው በኛ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ መሆኑንም አትርሱ። «የዛሬ ሪፖርት» ስትሉት ሌሊት 8 ሰዓት የሆነው ነገር ትናንት ላይ ተመዝግቦ ታገኙታላችሁ።

ቀኑንም እንደዚያው። የኛን ወር ወደ ፈረንጆቹ እንዲቀይር ለረዳቱ አትተዉት፤ የጳጉሜ ነገር ያደናግረዋል። ቀይራችሁ ስጡት።

ደረጃ 5፦ መልሱን አጣሩ

ሁሉንም መልስ ማጣራት አይቻልም፤ እነዚህን ግን ሁልጊዜ።

የብሎክ ቁጥሩ። ኤክስፕሎረር ላይ ክፈቱት። ከሌለ የቀረው መልስም አይታመንም።

ነጥቡ የት ነው? ሰንሰለቱ የገንዘብ መጠንን ያለ ነጥብ ነው የሚያስቀምጠው። ኢተር 18 አኃዝ፣ ቢትኮይን 8 አኃዝ ከነጥብ በኋላ አለው። ዩኤስዲቲ (ከዶላር ጋር የተያያዘ ቶከን) ኢቴሪየምና ትሮን ላይ 6 አኃዝ ሲሆን ቢኤንቢ ቼይን ላይ ደግሞ 18 ነው። ጥሬው መልስ 25000000 ቢል ኢቴሪየም ላይ 25 ዩኤስዲቲ ነው። ቢኤንቢ ቼይን ላይ ግን ያው ቁጥር ከምንም የማይቆጠር ፍርፋሪ ነው። ረዳቱ ስሙን አይቶ 6 ነው ብሎ ከገመተ ባዶውን ዋሌት ሞልቶ ያሳያችኋል፤ የቶከኑ ሂሳብ አለቀ የሚለው ማንቂያም እዚያ ላይ ይሞታል። የአኃዙን ብዛት ከኮንትራቱ ራሱ እንዲጠይቅ አዘዙት።

«ተሳክቷል» ማለት ምን ማለት ነው? ብሎክ ውስጥ የገባ ትራንዛክሽን ሁሉ የተሳካ አይደለም። ደረሰኙ ላይ ሁኔታው 1 ከሆነ ተሳክቷል፣ 0 ከሆነ ከሽፏል፤ ከሽፎም ጋዙን በልቷል። «አልተገኘም» የሚለው ደግሞ ሦስተኛ ነገር ነው፤ ገና ተራ እየጠበቀ ሊሆን ይችላል። ረዳቶች እነዚህን ሦስቱን ያደባልቃሉ። ትልቅ ነገር የምትወስኑበት ከሆነ ደግሞ ፋይናላይዝድ (ከእንግዲህ የማይቀየር) የሆነውን ብሎክ ጠይቁ፤ ኢቴሪየም ላይ ወደ 13 ደቂቃ ይወስዳል። የመጨረሻዎቹ ጥቂት ብሎኮች አልፎ አልፎ ይቀየራሉ።

አድራሻ ከቻት አይገለበጥም። አጭበርባሪዎች መጀመሪያውና መጨረሻው ከምትልኩለት አድራሻ ጋር የሚመሳሰል አድራሻ ፈጥረው ዜሮ ብር ይልካሉ፤ ታሪካችሁ ውስጥ እንዲገባና በስህተት እንድትገለብጡት። ረዳቱ ደግሞ መሐሉን በነጥብ ነጥብ አሳጥሮ ሲያቀርብ ሁለቱ አንድ ይሆናሉ። አድራሻውን ከራሳችሁ ማስታወሻ ውሰዱ።

ደረጃ 6፦ ማንቂያውን አቁሙ

ማንቂያውን የሚያንቀሳቅሰው ስክሪፕት ነው። ኮዱን ረዳቱ ይጽፍላችኋል፤ ሥራው ካለቀ በኋላ ግን ስክሪፕቱ ያለ ረዳቱ ነው የሚሄደው። እንዲህ ብላችሁ አዘዙት፦

«በፓይተን አጭር ስክሪፕት ጻፍልኝ። ከሁለት አርፒሲ የመጨረሻውን ብሎክ ያንብብ። ዕድሜው ከ3 ደቂቃ ካለፈ፣ ሁለቱ ከ10 ብሎክ በላይ ከተለያዩ፣ ወይም የዚህ ዋሌት ቀሪ ከዚህ በታች ከሆነ በቴሌግራም ቦት መልእክት ይላክ። ሁለት ጊዜ ተከታትሎ ካልታየ አይላክ። ያንኑ ችግር በ1 ሰዓት ውስጥ ደግሞ አይላክ። አርፒሲው ካልመለሰ ያንንም ይናገር። ቁልፎቹ ከኮዱ ውጭ ይቀመጡ። የመጨረሻ ያነበበውን ብሎክ ፋይል ላይ ይጻፍ።»

የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ትንሽ ትመስላለች፤ ግን የኮንትራት ክስተት ለሚጠብቅ ሰው ዋናዋ እሷ ናት። ስክሪፕቱ ለ40 ደቂቃ ቆሞ ቢነሳና አሁን ካለው ብሎክ ቢጀምር በ40 ደቂቃው ውስጥ የሆነውን አያየውም። ካቆመበት ብሎክ ተነስቶ መቀጠል አለበት። ነጻ አርፒሲዎች በአንድ ጥያቄ የሚሰጡትን የብሎክ ብዛት ስለሚገድቡ በትንሽ በትንሹ ቆራርጦ እንዲጠይቅም ንገሩት።

ሰርቨሩ ላይ ስክሪፕቱን በክሮን (ፕሮግራምን በየጊዜው በሚያስነሳው መሣሪያ) በየደቂቃው ወይም በየ5 ደቂቃው አስነሱት። የሰርቨሩ ሰዓት አብዛኛውን ጊዜ ዩቲሲ ነው፤ የማለዳ ሪፖርት ካዘዛችሁ ከላይ ባለው ቀመር ቀይሩ።

ለምን ቤት ያለው ላፕቶፕ አይሆንም? ሐምሌና ነሐሴ ላይ ሽምብጥም ሁን ቀበሌ 14፣ ዝናቡና መብረቁ ሲመጣ መብራቱ ይሄዳል። ላፕቶፑ ባትሪ ቢኖረው እንኳ ራውተሩ የለውም። ጠባቂው ሲተኛ ደግሞ ዝም ነው የሚለው፤ እናንተም ዝምታውን «ሰላም ነው» ብላችሁ ትተረጉሙታላችሁ። ሰርቨሩ ሌላ ቦታ ሲሆን እናንተ ጨለማ ውስጥ ብትሆኑም እሱ ይጠብቃል።

ጠባቂውንም የሚጠብቅ አስቀምጡ። ስክሪፕቱ ጠዋትና ማታ «አለሁ» የሚል መልእክት ይላክ። ከዚህ የተሻለው ደግሞ ሄልዝቼክስ ዶት አይኦን የመሰለ የውጭ አገልግሎት ነው፤ ስክሪፕቱ በየጊዜው ይደውልለታል፣ ድምፁ ሲጠፋ አገልግሎቱ ራሱ ለእናንተ ይናገራል።

ቴሌግራም ያለ ኢንተርኔት አይደርስም። የሰው ሥራ የምትጠብቁ ከሆነ የቦቱ ቡድን ውስጥ ሌላ ከተማ ያለ አንድ ሰው ጨምሩ፣ እሱም በተራ ስልክ ይደውልላችሁ። መብራትና ኔትወርክ አብረው በሚሄዱበት ማታ ከዚህ የተሻለ መንገድ የለም።

ሞክሩት። ገደቡን ለጊዜው 1 ሰከንድ አድርጉና መልእክቱ መምጣቱን እዩ። ከዚያ የአርፒሲውን አድራሻ ሆን ብላችሁ አበላሹና «አልተገናኘሁም» ማለቱን እዩ። ሁለተኛው ላይ ዝም ካለ ስክሪፕቱ ስህተቱን እየዋጠ ነው፤ ለረዳቱ መልሳችሁ አስተካክሉ። ይህን ሙከራ ሳታደርጉ ማንቂያ አለኝ አትበሉ።

ከተበላሸ፦ ቦቱ ዝም ካለ መጀመሪያ እናንተ ለቦቱ መልእክት መላካችሁን አረጋግጡ፤ ቦት ቀድሞ ማናገር አይችልም። በእጅ ስታስነሱት የሚሠራ፣ በክሮን የማይሠራ ከሆነ የፓይተኑንና የፋይሎቹን ሙሉ አድራሻ ጻፉ። የቦቱ ቶክን ቻት ወይም ጊትሀብ ላይ ከወጣ ቦትፋዘር ውስጥ ሰርዛችሁ አዲስ አውጡ።

ደረጃ 7፦ ማንቂያ ሲጮህ

ሌሊት 8 ሰዓት ስልኩ ጮኸ እንበል፣ «ብሎክ ለ4 ደቂቃ አልመጣም» ይላል። በዚህ ቅደም ተከተል ሂዱ፦

1. ሁለተኛውን አርፒሲ እዩ። እሱ እየሄደ ከሆነ ኔትወርኩ ደህና ነው፤ የመጀመሪያው አቅራቢ ነው የተበላሸው። ወደ ሁለተኛው ቀይሩና ተኙ።

2. ሁለቱም ቆመው ከሆነ ኤክስፕሎረሩን በስልክ ዳታ ክፈቱ። እሱ ላይ ብሎክ ከመጣ የሰርቨራችሁ ግንኙነት ነው የተቋረጠው።

3. እዚያም ካልመጣ የኔትወርኩን ይፋዊ የሁኔታ ገጽ እዩ። በቴሌግራም «የድጋፍ ሠራተኛ ነኝ» ብሎ የሚጽፍላችሁን አትመልሱ፤ አጭበርባሪዎች ኔትወርክ ሲታወክ ነው የሚበረቱት።

4. ረዳቱን አሁን ጠይቁት። የስክሪፕቱን መዝገብ ያለፉትን 30 ደቂቃ ለጥፉለትና «መጀመሪያ የተለወጠው የትኛው ነው? ምን ይመስልሃል፣ ግምትህን ከታየው ለይተህ ጻፍ» በሉት። ረዥም መዝገብ ውስጥ የመጀመሪያዋን የተለየች መስመር ማግኘት ላይ በጣም ጎበዝ ነው። እናንተ በእንቅልፍ ዓይን የምታልፏትን እሱ ያገኛታል።

5. ትራንዛክሽን ተንጠልጥሎ ከሆነ ደግማችሁ አትላኩ። መጀመሪያ የአድራሻውን ኖንስ፣ ማለትም የመላኪያ ተራ ቁጥር፣ እዩ። የቀደመው ሳያልፍ የኋለኛው አያልፍም። አዲስ ብትልኩ ከኋላ ይሰለፋል፤ የፊተኛው ሲለቀቅ ሁለቱም ያልፉና ሁለት ጊዜ ከፍላችሁ ትገኛላችሁ። መተካት ካስፈለገ በዚያው ኖንስ፣ ከፍ ባለ ጋዝ።

ረዳቱ በዚህ ሰዓት «ገንዘቡን ወደ ሌላ ዋሌት አዛውር» የመሰለ ምክር ከሰጠ፣ ያንን እርምጃ ሌላ ሰው ሳያየው አታድርጉት። የቡድን አጋራችሁን ቀስቅሱት፤ ይሄ ለመቀስቀስ የሚበቃ ነገር ነው።

ደረጃ 8፦ በየወሩ

በወር አንዴ ሰርቨሩ ላይ ያለውን ስክሪፕት ሆን ብላችሁ አቁሙት፤ የጠባቂው ጠባቂ በስንት ደቂቃ እንደነገራችሁ መዝግቡ። በከንቱ የጮኹትን ማንቂያዎች ቁጠሩና ገደባቸውን አስተካክሉ። የአርፒሲ አቅራቢዎቹ የነጻ እርከናቸውን ይቀይራሉ፤ ኮታችሁ ምን ያህል እንደቀረ ገብታችሁ እዩ። ከቡድኑ የለቀቀ ሰው ካለ ቁልፎቹን በሙሉ ቀይሩ። የኢቴሪየም ማሻሻያ ቀን ሲታወጅ ደግሞ ዕለቱን በዩቲሲ አስልታችሁ ቀን መቁጠሪያችሁ ላይ አስገቡ፤ በዚያ ቀን አቅራቢዎች ኖዶቻቸውን ሲያድሱ አርፒሲዎች ስለሚንገዳገዱ ሦስተኛ አድራሻ በእጃችሁ ይኑር።